መብራት «የለም» ሲል የሚታመን ቴስተር እንዴት ይመረጣል?

ብዙ ሰው ቴስተር የሚገዛው ከካቻቪቴና ከናስትሮ ጋር ደርቦ ነው። «እስቲ አንድ ቴስተርም ጨምርልኝ» ይላል። ሻጩ እጁ የደረሰበትን ያነሳል፤ ገዢውም ሳያገላብጥ ኪሱ ይከታል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያ ዕቃ «ኮረንቲ የለበትም» ባለ ቁጥር ሰውዬው አምኖት ሽቦ በባዶ እጁ ይይዛል።

ቴስተር በሁለት መንገድ ይሳሳታል። አንደኛው ኮረንቲ በሌለበት «አለ» ሲል ነው። ጊዜ ያባክናል፣ ያናድዳል፣ ሰው ግን አይጎዳም። ሁለተኛው ኮረንቲ እያለ ዝም ሲል ነው። ሰው የሚገድለው ይሄኛው ነው። ስለዚህ ከታች ያለውን ምርጫ ሁሉ የመዘንኩት በአንድ ጥያቄ ነው፦ ይህ መሣሪያ ዝም ሲል፣ ዝምታው ምን ያህል ይታመናል?

የምጽፈው ኢትዮጵያ ውስጥ ላለ ቤትና ሱቅ ነው። ማለትም ለ220 ቮልትና 50 ኸርዝ፣ ሦስት ፌዝ (ኮረንቲ የሚያመጡ ሦስት ሽቦዎች) ለገባበት ደግሞ ለ380 ቮልት።

ደረጃ 1፦ ሥራችሁን ለዩ

ሥራችሁ አምፖል መቀየርና የተሰነጠቀ ሶኬት መለወጥ ብቻ ከሆነ፣ ከቴስተሩ የምትፈልጉት መልስ አንድ ነው። አለ ወይስ የለም?

ማታ ማታ ምጣዱ ለምን እንደማይግል፣ ፍሪጁ ለምን እንደሚንቀጠቀጥ ማወቅ ከፈለጋችሁ ግን ጥያቄው «ስንት ቮልት ነው?» ይሆናል። መብራት ሲደክም ሶኬቱ ላይ 160 ወይም 170 ቮልት ብቻ ሊኖር ይችላል። የካቻቪቴ ቴስተር በ160ም በ220ም ያው ቀይ ሆኖ ይበራል። ቁጥር የሚያነብ መሣሪያ ያስፈልጋችኋል።

የውኃ ፓምፕ፣ ወፍጮ ወይም የብየዳ ማሽን ባለበት ቦታ የምትሠሩ ከሆነ ሦስት ፌዝ ይገጥማችኋል። ሶላር የምትገጥሙ ከሆነ ደግሞ ዲሲ (እንደ ባትሪ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚፈስ ኮረንቲ) ነው። ከፓነሉ የሚወጣው ዲሲ አብዛኛውን ጊዜ ከመሬት ጋር አይገናኝም፤ ስለዚህ በአንድ ጫፍ ብቻ የሚነካ ቴስተር ሊያየው አይችልም። ፓነሎቹ ተደርድረው ብዙ መቶ ቮልት እየሰጡ እንኳ የካቻቪቴ ቴስተሩ ጭል ላይል ይችላል። ይህን የማያውቅ ሰው ሶላር ባይነካ ይሻለዋል።

ደረጃ 2፦ አራቱን ዓይነቶች እወቁ

የካቻቪቴ ቴስተር። ሁሉም ቤት ያለው ይሄ ነው። አንድ ጊዜ ፍቱትና ውስጡን እዩት፤ የኋላው ቆብ በእጅ ይዞራል። መጀመሪያ ትንሽዬ ስፕሪንግ ትወጣለች። ቀጥሎ ውስጧ ሁለት ቀጫጭን ዘንጎች የቆሙባት የመስታወት አምፖል ትመጣለች፤ ኒዮን የምትባለው እሷ ናት። መጨረሻ ላይ ከብረቱ ጋር የሚገናኝ አጭር ሬዚስተር አለ፤ ብዙውን ጊዜ ወደ 1 ሚሊዮን ኦም የሚጠጋ ነው። ኮረንቲው ከጫፉ ተነስቶ በሬዚስተሩና በኒዮኗ ያልፍና ወደ ጣታችሁ ይገባል፤ ከዚያ በሰውነታችሁ አድርጎ ወደ መሬት ይወርዳል። አዎ፣ በእናንተ በኩል ነው የሚያልፈው። 220 ቮልትን ለ1 ሚሊዮን ኦም ብታካፍሉ 0.22 ሚሊ አምፔር ይመጣል። በጣም ትንሽ ስለሆነ ነው የማይነዝራችሁ።

ይህን ካወቃችሁ ድክመቱ ሁሉ ቁልጭ ብሎ ይታያችኋል። ደረቅ የእንጨት መሰላል ላይ ወፍራም የጎማ ጫማ አድርጋችሁ ከቆማችሁ ወደ መሬት የሚሄደው መንገድ ይደክማል፤ ብርሃኑም ይደበዝዛል ወይም ይጠፋል። ፀሐይ ያለበት በረንዳ ላይ ቢበራም አይታያችሁም። ጣታችሁ ቆቡን በደንብ ካልነካ አይበራም። ስፕሪንጓ ከዛገች አይበራም። ኒዮኗ ካረጀች አይበራም። እነዚህ ሁሉ «የለም» ከሚለው መልስ ጋር ፍጹም አንድ ዓይነት መልክ አላቸው። ዝምታው በጭራሽ አይታመንም የምለው ለዚህ ነው።

ሌላም አለ። በእናንተና በ220 ቮልት መካከል የቆመው ያቺ ሬዚስተር ብቻ ናት። በክረምት እርጥበት ወደ ውስጥ ከገባ፣ ወይም አንድ ብልህ ነኝ ባይ «ብርሃኑ ደከመ» ብሎ ሬዚስተሯን አውጥቶ በሽቦ ከተካት፣ ቴስተሩ ቀጥታ ያስይዛችኋል። በተውሶ የመጣ ወይም ዕድሜው የማይታወቅ የካቻቪቴ ቴስተር ሳትፈቱ አትጠቀሙ።

ታዲያ ምን ይጠቅማል? ፌዙ የትኛው ቀዳዳ እንደሆነ ቶሎ ለማየት ይጠቅማል። እኛ ጋ በብዛት ያለው ሁለት ክብ ቀዳዳ ያለው ሶኬት ስፒናውን በሁለቱም በኩል ይቀበላል፤ ስለዚህ «ፌዝ በቀኝ ነው» የሚለውን ወሬ እርሱት። ሌላም የሚናገረው ነገር አለ። ቤቱ ውስጥ ምንም አይሠራም፣ ቴስተሩ ግን በሁለቱም ቀዳዳ ይበራል እንበል። ይህ ብዙ ጊዜ የኑትራል (ኮረንቲው የሚመለስበት ሽቦ) መቆረጥ ምልክት ነው። ፌዙ ማብሪያው ባልጠፋ አምፖል ወይም በተሰካው ዕቃ በኩል አልፎ ኑትራሉ ሽቦ ላይ ወጥቶ ቁጭ ብሏል። ብሬከሩን አውርዱ፤ ስፒናዎቹን ሁሉ ንቀሉ። ኑትራሉ የተቆረጠው ከቆጣሪው በፊት ከሆነ ለኤሌክትሪክ አገልግሎት ማመልከት ነው፤ በተለይ ሦስት ፌዝ በገባበት ግቢ ኑትራል ሲቆረጥ አንዱ ቤት እስከ 380 ቮልት የሚጠጋ ሊደርሰው ይችላል። ቴሌቪዥንና ፍሪጅ በአንድ ቀን የሚቃጠሉት እንዲህ ነው።

ከዚህ ቤተሰብ ውስጥ ትንሽ ስክሪን ያለው፣ 12፣ 36፣ 55፣ 110፣ 220 እያለ ቁጥር የሚያሳይ አለ። ቁጥሩ የልኬት ውጤት አይደለም፤ በግምት የተከፋፈለ ደረጃ ነው። በአጠገቡ ከሚያልፍ ሽቦ ብቻ ተነስቶ 55 ወይም 110 ሊላችሁ ይችላል። እኔ ይህን ከተራው ኒዮን የምመርጥበት ምክንያት አላየሁም።

ሳይነካ የሚጮህ እስክሪብቶ ቴስተር። ጫፉን ሽቦው አጠገብ ስታደርጉት ይጮኻል፣ ቀይ ያበራል። በሽቦው ዙሪያ ያለውን የኤሲ (አቅጣጫውን እየቀያየረ የሚፈሰው የሶኬት ኮረንቲ) የኤሌክትሪክ መስክ ነው የሚሰማው። ባዶ ብረት መንካት ስለማያስፈልግ በጣም ደስ የሚል ዕቃ ነው። ማጥፊያውን አጥፍታችሁ አምፖሉ መያዣ ላይ አሁንም ፌዝ መኖሩን ለማየት ተወዳዳሪ የለውም። ማጥፊያው በስህተት ኑትራሉ ላይ የተገጠመባቸው ቤቶች ጥቂት አይደሉም፤ እዚያ አምፖሉ ቢጠፋም ፌዙ ከላይ እየጠበቃችሁ ነው።

የማይሰማውን ግን እወቁለት። ዲሲ አይሰማም። በብረት ቱቦ ውስጥ ያለፈ ሽቦ አይሰማም። በብረት መረብ የተሸፈነ ኬብል አይሰማም። ሦስት ፌዝ የያዘ ኬብል ላይ የሦስቱ መስክ ተጣፍቶ ዝም የሚልበት ቦታ አለ፤ ስለዚህ እስክሪብቶውን በኬብሉ ዙሪያ አዙሩት። ባትሪው ከደከመም ዝም ይላል። በሌላ በኩል ከጎኑ ላለ ሽቦም ይጮኻል፤ ከሹራብ ጋር ሲታሽም ይጮኻል። «እዚህ አካባቢ ተጠንቀቅ» ብሎ ለማስጠንቀቅ አንደኛ ነው። «የለም» ሲላችሁ ግን ሽቦ እንድትይዙ ፈቃድ አይሰጥም።

መልቲሜትር። ቁጥር ያነባል፤ ኤሲም ዲሲም ይለካል፤ የተቆረጠ ሽቦም ያገኛል። አንድ ቤት አንድ ቢኖረው ጥሩ ነው። ሆኖም ሰው በቀላሉ የሚሳሳትበት መሣሪያ ነው። በየሱቁ የሚሸጠውን ዲቲ-830 የሚባለውን ትንሽ መልቲሜትር ውሰዱ። ከታች በኩል ሦስት ቀዳዳ አለው። አንዱ «10 አምፔር» የሚል ሲሆን ብዙውን ጊዜ ከጎኑ ፊውዝ የለውም ተብሎ በግልጽ ተጽፎበታል። ቀዩን ፕሮብ (ጫፉ ብረት የሆነ የመለኪያ ገመድ) እዚያ ሰክታችሁ ሶኬት ብትነኩ በፌዝና በኑትራል መካከል ወፍራም ሽቦ እንዳጋደማችሁ ቁጠሩት። ብልጭታው ፊታችሁ ላይ ነው የሚመጣው።

ሁለተኛው ስህተት ድምፅ የለውም። መዞሪያው ዲሲ ላይ ሆኖ የሶኬት ኤሲ ብትለኩ ስክሪኑ ዜሮ ወይም ለዜሮ የቀረበ ቁጥር ያሳያል። 220 ቮልት ፊታችሁ ቁጭ ብሎ መሣሪያው «ዜሮ» ይላችኋል። የተበጠሰ የፕሮብ ገመድም ያው ዜሮ ነው።

በተቃራኒው ደግሞ የሌለ ቮልት ያሳያል። ዲጂታል መልቲሜትር አብዛኛውን ጊዜ 10 ሚሊዮን ኦም አካባቢ ውስጣዊ መቋቋም አለው፤ ከሚለካው መስመር ምንም ያህል ኮረንቲ አይወስድም። ስለዚህ ብሬከሩ የወረደ ሽቦ፣ በአንድ ቱቦ ውስጥ ኮረንቲ ካለበት ሽቦ ጎን ለጎን ስላለፈ ብቻ፣ 40 ወይም 80 ቮልት ያሳያችኋል። ጠፍቶም ጭል ጭል የሚል የኤልኢዲ አምፖል አይታችሁ ከሆነ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ይኸው ነው። ይህን «የውሸት ቮልት» ለማጥፋት አነስተኛ መቋቋም ያለው መለኪያ ቦታ የተጨመረባቸው መልቲሜትሮች አሉ፤ መዞሪያቸው ላይ «ሎ-ዜድ» የሚል ምልክት ታያላችሁ። እሱ ካለው ተጨማሪ ብር ይገባዋል።

ባለ ሁለት ዘንግ ቮልት መፈተሻ። እዚህ አገር ብዙም አይታወቅም፤ እኔን ብትጠይቁኝ ግን ለሙያተኛ ትክክለኛው መልስ ይሄ ነው። በወፍራም ገመድ የተያያዙ ሁለት ዘንጎች አሉት፤ አንደኛው ላይ 12፣ 24፣ 50፣ 120፣ 230፣ 400፣ 690 የሚሉ ትንንሽ መብራቶች ተደርድረዋል። መዞሪያ የለውም፤ ቀዳዳ የለውም። ስለዚህ በተሳሳተ ቦታ የምትሰኩት ወይም የምታዞሩት ነገር የለም። ሁለቱን ጫፍ ታስነካላችሁ፣ ያነባል፣ አለቀ። ኤሲ ይሁን ዲሲ ራሱ ይለያል።

አይኢሲ 61243-3 የሚባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ ለዚህ መሣሪያ የወጣ ነው። በዚህ ደረጃ የተሠራ መፈተሻ ባትሪው ቢያልቅም አደገኛ ቮልት ሲነካ ማሳወቅ አለበት፤ አደገኛ የሚባለውም ከ50 ቮልት ኤሲ ወይም ከ120 ቮልት ዲሲ በላይ ነው። የመጀመሪያው ጥያቄያችን ዝምታው ይታመናል ወይ የሚል አልነበር? በባትሪ ከሚሠሩት ውስጥ የባትሪ ማለቅን ከዝምታው ምክንያቶች የሚያወጣላችሁ ይህ መሣሪያ ብቻ ነው። በአንዳንዶቹ ዘንጎች ላይ ደግሞ አንድ አንድ ቁልፍ አለ፤ ሁለቱን አንድ ላይ ስትጫኑ ጭነት ያስገባና የውሸቱን ቮልት ያጠፋዋል፣ እውነተኛውን ይተወዋል። በመሬት ለሚፈስ ኮረንቲ የሚዘል ብሬከር ባለበት ቤት ቁልፎቹን ተጭናችሁ ፌዝና ኧርዝ (ወደ መሬት የሚሄደውን የደህንነት ሽቦ) ብትነኩ ብሬከሩ ይጥላል። አትደንግጡ፤ ሥራውን ነው የሠራው። የጀርመኑ ቤኒንግ ዱስፖል እና የፍሉክ ቲ ተከታታይ፣ ማለትም ቲ90፣ ቲ110፣ ቲ130 እና ቲ150፣ የዚህ ዓይነት ናቸው።

ምጣዱ ወይም የፍሪጁ በር «ይነዝራል» ሲባል ልዩነቱ ይታያል። የካቻቪቴ ቴስተር በትንሽዬ የኮረንቲ ፍሳሽም በትልቅ ብልሽትም እኩል ይበራል። ባለ ሁለት ዘንጉን አንዱን ጫፍ ብረቱ ላይ፣ ሌላውን ኧርዝ ላይ አድርጋችሁ ቁልፎቹን ስትጫኑ ንባቡ ከወደቀ ፍሳሹ ደካማ ነው፤ ኧርዙን ማስተካከል ይጠበቅባችኋል። 220 አካባቢ ሙጭጭ ካለ ፌዙ ብረቱን ነክቷል። ያን ምጣድ ነቅላችሁ ወደ ጥገና ውሰዱት።

ደረጃ 3፦ ጀርባውን አንብቡ

መልቲሜትርም ሆነ ባለ ሁለት ዘንግ ላይ፣ ብዙውን ጊዜ ቀዳዳዎቹ አጠገብ፣ «ካት» የሚል ጽሑፍ ከነሮማ ቁጥሩ ታያላችሁ። ከአይኢሲ 61010 የመጣ ነው። የሚናገረው መሣሪያው የት ድረስ መሄድ እንደሚችል ነው። ካት 2 ሶኬት ላይ ለሚሰካ ዕቃ ነው። ካት 3 ለብሬከር ሳጥንና ለቤቱ ቋሚ የመስመር ዝርጋታ ነው። ካት 4 ቆጣሪው አካባቢና ከምሰሶ ለሚመጣው መስመር ነው።

ቁጥሩ ለምን ያስፈልጋል? ትልቅ ሞተር ሲነሳና ሲቆም ወይም መብረቅ ሲወድቅ መስመሩ ላይ ለአፍታ በሺህ የሚቆጠር ቮልት ይዘላል። ካት 2 600 ቮልት የተባለ መሣሪያ 4,000 ቮልት ዝላይ እንዲችል ይፈተናል፤ ካት 3 600 ቮልት የሆነው 6,000፣ ካት 4 600 ቮልት የሆነው 8,000። ስለዚህ «600 ቮልት» የሚለው ብቻውን ምንም አይነግራችሁም። «1000 ቮልት» ተብሎ ካት ያልተጻፈበትን ካት 3 600 ከተጻፈበት አታስበልጡ።

ለቤት ውስጥ ሥራ ቢያንስ ካት 3 300 ቮልት፣ የብሬከር ሳጥን ለሚከፍትና ሦስት ፌዝ ለሚነካ ካት 3 600 ቮልት ይያዝ። ከቆጣሪው በላይ ያለው የታሸገ መስመር የኤሌክትሪክ አገልግሎቱ ነው፤ ምን ዓይነት ጥሩ መሣሪያ ቢኖራችሁ እዚያ ጉዳይ የላችሁም።

ፕሮቦቹ የራሳቸው ካት አላቸው፤ ገመዱ ወይም እጀታው ላይ ተቀርጾ ይገኛል። ዋናው መሣሪያ ካት 3 ሆኖ ፕሮቡ ካት 2 ከሆነ፣ የያዛችሁት ካት 2 ነው።

አሁን ወደ ማኅተሞች። ሲኢ የሚለው ምልክት በአብዛኛው አምራቹ ራሱ ስለ ራሱ የሚሰጠው ቃል ነው። ዩኤል፣ ቲዩቪ፣ ቪዲኢ፣ ሲኤስኤ እና ኢቲኤል ግን ሌላ አካል ፈትሾ የሚሰጣቸው ናቸው። ማንም ሰው ማኅተም ማተም ስለሚችል፣ የዩኤልን ቁጥር ስልካችሁ ላይ ፈልጋችሁ የአምራቹን ስም ማመሳከር ትችላላችሁ። ሱቅ ቆማችሁ ሁለት ደቂቃ ቢወስድባችሁ ነው።

ደረጃ 4፦ ሱቅ ውስጥ በእጃችሁ ፈትሹ

መርካቶም ሆነ ሰፈራችሁ ያለው የኤሌክትሪክ ዕቃ መሸጫ፣ «ክፈትልኝ» ለማለት አትፈሩ። ዕቃው እንዳይበላሽ የሚፈራ ሻጭ ራሱ ይክፈተው።

ፕሮቡን ያዙ። ጣታችሁ ወደ ፊት ተንሸራቶ ብረቱን እንዳይነካ የሚያግድ ከንፈር አለው? የብሪታንያ የሥራ ደህንነት መሥሪያ ቤት ጂኤስ 38 በተባለው መመሪያው የፕሮቡ የተጋለጠ ብረት ከ4 ሚሊ ሜትር እንዳይበልጥ ይመክራል። ብዙ ርካሽ ፕሮቦች ግን የጣት አንጓ የሚያህል ራቁት ብረት አላቸው። ጠባብ ስካቶላ ውስጥ ይህ ብረት ፌዝና ኑትራሉን በአንድ ጊዜ ይነካል። ጫፉ ላይ የሚደፋ የፕላስቲክ ቆብ ያለውን ምረጡ።

ገመዱን እጀታው ሥር ያዙና ወዲያ ወዲህ እጠፉት። እንደ ደረቅ ፕላስቲክ ከተገተረ በቶሎ ይሰነጠቃል። የሲሊኮን ገመድ ለስላሳ ነው፤ ቅዝቃዜም ሙቀትም ይችላል።

መልቲሜትር ከሆነ የባትሪውን ክዳን አስከፍቱና ፊውዙን እዩ። ውስጡ የሚታይ ትንሽ የመስታወት ፊውዝ 250 ቮልት ተብሎ ከተጻፈበት፣ ጀርባው ላይ የተጻፈውን «600 ቮልት» አትመኑት። ጥሩ መልቲሜትር ነጭ የሴራሚክ ፊውዝ አለው፤ ውስጡ አሸዋ ተሞልቷል፣ አሸዋውም ሲቃጠል የሚነሳውን ብልጭታ ያፍነዋል። የመስታወቱ ግን በትልቅ ኮረንቲ ሊፈነዳ ይችላል።

እስክሪብቶ ቴስተር ከሆነ፣ ሲበራ «እየሠራሁ ነው» የሚል የማይጠፋ መብራት ያለውን ውሰዱ። አንዳንዱ ሥራ ላይ ሲሆን አረንጓዴ፣ ኮረንቲ ሲያገኝ ቀይ ያበራል። አረንጓዴው ከሌለ የሞተ ነው ማለት ነው፤ በዝምታው አትታለሉም። ምንም ምልክት የሌለው ግን ሲሠራም ሲሞትም ያው ነው።

ዘመድ ከአሜሪካ የላከው ካለ ከመጠቀማችሁ በፊት ጽሑፉን እዩ። እስክሪብቶው «ከ50 እስከ 1000 ቮልት» ወይም «ከ90 እስከ 1000 ቮልት» የሚል ከሆነ እኛም ጋ ይሠራል። ሦስት መብራት ያላት፣ ሶኬት ላይ የምትሰካ መፈተሻ ግን ለ120 ቮልት የተሠራች ናት። በአዳፕተር አሳልፋችሁ 220 ላይ እንዳትሰኳት።

ዋጋ አልጻፍኩም፤ እናንተ እስክታነቡት ይለወጣል። ቅደም ተከተሌ ግን ይሄ ነው። ለቤት ብቻ ከሆነ አንድ እስክሪብቶ እና ሎ-ዜድ ያለው ካት 3 መልቲሜትር። በሙያው ለሚተዳደር መጀመሪያ ባለ ሁለት ዘንግ፣ ቀጥሎ እስክሪብቶ፣ መልቲሜትሩ ሦስተኛ። ገንዘብ ካጠረ አንዱን ተራ መልቲሜትር ግዙና የቀረውን ብር ጥሩ ፕሮብ ላይ አውሉት።

ደረጃ 5፦ ሽቦ ከመያዛችሁ በፊት ሦስት ጊዜ ንኩ

ጥሩ መሣሪያም በመጥፎ አጠቃቀም ይዋሻል። ስለዚህ አካሄዱን ልመዱት። መጀመሪያ ኮረንቲ እንዳለው በምታውቁት ሶኬት ላይ ሞክሩ፤ ይሠራል። ቀጥሎ የምትሠሩበትን ሽቦ ፈትሹ፤ የለም። ከዚያ ወዲያው ተመልሳችሁ ያንኑ ሶኬት ንኩ፤ አሁንም ይሠራል። በመካከል ባትሪው አልቆ ወይም ገመዱ ተበጥሶ ቢሆን ሦስተኛው ንክኪ ያጋልጠዋል። ብዙ ሰው የመጀመሪያዋን ያደርግና ሦስተኛዋን ይዘላል።

ሁለተኛውን ንክኪ ስታደርጉ አንድ ጊዜ ብቻ አይደለም። ፌዝ ከኑትራል፣ ፌዝ ከኧርዝ፣ ኑትራል ከኧርዝ። ኑትራሉ ተቆርጦ ከሆነ የመጀመሪያው ልኬት ዜሮ ያሳያል፣ ፌዙ ግን እዚያው ነው፤ የሚይዘው ሁለተኛው ልኬት ነው። ሦስት ፌዝ ከሆነ ልኬቶቹ አሥር ይሆናሉ፦ ሦስቱ ፌዞች እርስ በርስ፣ እያንዳንዳቸው ከኑትራል፣ እያንዳንዳቸው ከኧርዝ፣ ኑትራል ከኧርዝ።

አሁን የእኛን አገር ጉድ እናንሳ። ብዙ ሰው «መብራት ሄዷል፣ በዚህ አጋጣሚ ሶኬቷን ልቀይራት» ይላል። መብራት የሄደው ሠፈር ሲመጣ ማስጠንቀቂያ የለውም። በዚያ ላይ ቴስተሩን የምትፈትኑበት ኮረንቲ ያለው ሶኬት የላችሁም፤ የመጀመሪያዋና ሦስተኛዋ ንክኪ አይቻሉም ማለት ነው። ብሬከሩን ሳታወርዱ የምትሠሩ ከሆነማ ቴስተር መያዙም ትርጉም የለውም። መብራት እስኪመጣ ጠብቁ፣ ከዚያ ብሬከሩን አውርዳችሁ ሥሩ። ወይም በባትሪ የሚሠራና ቮልት የሚያመነጭ የቴስተር ማረጋገጫ መሣሪያ አለ፤ ሙያተኛ ቢይዘው ይጠቀማል፤ ሳይነካ የሚሠራውን እስክሪብቶ ግን ሁሉም አይፈትኑትም፤ አጠቃቀሙን አንብቡ።

ብሬከሩን ስታወርዱ ወረቀት ላይ «ሰው እየሠራ ነው፣ አታንሡ» ብላችሁ በናስትሮ ለጥፉበት። ብዙ ተከራይ በአንድ ቆጣሪ በሚጠቀምበት ግቢ፣ መብራቱ የጠፋበት ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው መጥቶ ብሬከሩን ማንሳት ነው። ከቻላችሁ አንድ ልጅ አጠገቡ አቁሙ።

ጄኔሬተር ወይም ኢንቨርተር ያለበት ቤት ደግሞ ዋናው ብሬከር ወርዶም መስመሩ ላይ ኮረንቲ ሊኖር ይችላል። ማስተላለፊያ ማብሪያ (ቤቱን ከዋናው መስመር ወደ ጄኔሬተሩ የሚያዞር) ሳይገጠም በሶኬት በኩል የተሰካ ጄኔሬተር ቤቱን ሙሉ ያበራዋል፣ አልፎም ወደ ጎረቤት መስመር ይመለሳል። ጠይቁ፣ አጥፉ፣ ከዚያ ለኩ።

ደረጃ 6፦ አያያዝና ማስወገድ

ቴስተር መሣሪያ ሣጥን ውስጥ ከፒንሳና ከመዶሻ ጋር አይወረወርም። ፕሮቡ ላይ የተሰነጠቀ ላስቲክ ካያችሁ በናስትሮ አትጠቅልሉት፤ ሌላ ጥንድ ግዙ፣ ካቱን አይታችሁ። መሣሪያው ከወደቀና ከተሰነጠቀ፣ ወይም ዝናብ ውስጥ ከረጠበ ቆጣሪ ሣጥን አጠገብ አታድርሱት። የካቻቪቴ ቴስተሩን እንደ ካቻቪቴ አድርጋችሁ ጠንካራ ብሎን አትፍቱበት፤ ውስጡ ያለችው ሬዚስተር ትሰበራለች።

ለረጅም ጊዜ ካልተጠቀማችሁበት ባትሪውን አውጡ፤ ፈሶ ሞላውን ይበላዋል። ስትገዙ ባትሪው አብሮት የመጣ ከሆነ መጀመሪያውኑ በአዲስ ቀይሩት፤ ሱቅ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደቆየ አይታወቅም። መልቲሜትራችሁ ፊውዙ ከተቃጠለ በተመሳሳይ ቮልትና አምፔር በሴራሚክ ፊውዝ ይተካ። በሲጋራ ወረቀት ጠቅልሎ ወይም ቀጭን ሽቦ አስሮ ማስቀጠል የሚባለውን ነገር ለቫልቮላም አታድርጉት፣ ለመልቲሜትርማ ጨርሶ።

ለጎረቤት ወይም ለሥራ ባልደረባ ካዋሳችሁት፣ ሲመለስ «አመሰግናለሁ» ከተባለ በኋላ ወዲያው ኮረንቲ ባለው ሶኬት ላይ ሞክሩት፤ መልቲሜትር ከሆነ ደግሞ ቀዩ ፕሮብ 10 አምፔሩ ቀዳዳ ውስጥ እንዳልቀረ እዩ።